ዝምታ አይላክም

ትርንጎ አዝመራው በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከአባቷ ጋር ታወራለች። መደወል አያስፈልጋትም። ስልኩ ከአልጋዋ ራስጌ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይደውላል። እሷ ጫማዋን እያሰረች "እንዴት አደርክ አባዬ?" ትላለች። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ፤ አንቺስ እንዴት አደርሽ?" ይላል አቶ አዝመራው ከመካነ ሰላም። ጉልበቱን ትጠይቀዋለች፤ ደህና ነው። ላሚቱን ትጠይቀዋለች፤ ደህና ነች። ጎረቤቱን እትዬ ብርቄን ትጠይቃለች፤ ደህና ናቸው። እሱ ደግሞ በተራው ሙቀቱን፣ ሥራውን፣ ሰውነቷን ይጠይቃታል። ከጀርባው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማል። የጫማዋ ማሰሪያ ሲያልቅ ወሬውም ያልቃል፤ ግድግዳው ላይ "ሁለቱም ደህና" የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይበራና ይጠፋል።

አንዳንድ ጠዋት እንቅልፍ ይጥላታል። በእነዚያ ቀናት ከእንቅልፏ ስትባንን ግድግዳው ላይ የአረንጓዴው ጽሑፍ ርዝራዥ ታያለች። ወሬው ያለ እሷ አልቋል። መጀመሪያ ሰሞን አፍራ ነበር፤ ኋላ ግን ለመደችው። በማደሪያው ውስጥ ያልለመደው ሰው አልነበረም።

ማደሪያው ከሰመራ ወጣ ብሎ፣ ከጨው ውሃ ማጣሪያው ጎን ነው። ከረፋድ እስከ አመሻሽ ከቤት ውጭ የሚቆም ሰው የለም። ሠራተኞቹ ከማደሪያ ወደ ማጣሪያ የሚሄዱት በተሸፈነና በቀዘቀዘ መተላለፊያ ውስጥ ነው፤ ሰማይ የሚያዩት በፈቃድ ወደ አገራቸው ሲሄዱ ነው። ትርንጎ የሽፋኖቹ ክፍል ኃላፊ ናት። ውሃው የሚጣራባቸውን፣ ጨው የደፈናቸውን ስስ ሽፋኖች እያወጡ ለሚያጥቡ ሴቶች ሥራ ታከፋፍላለች። አገሯ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏል። ብትጠየቅ አልቆጨኝም ትል ነበር፤ አባቷን በየቀኑ ታገኘዋለችና።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነገሩ ተለወጠ። እናቷ ያረፈችው በዚያ ቀን ነው። አቶ አዝመራው ሐዘኑን የሚያወራ ሰው አይደለም፤ ግን በየዓመቱ በዚያች ጠዋት ሰላምታው እንዳለቀ "ዛሬ እንግዲህ ቀኗ ነው" ይላል። ከዚያ ሁለቱም ትንሽ ዝም ይላሉ። ለእናቷ የሚያደርጉላት ይህንኑ ነው። ዘንድሮ ሰላምታው አለቀና ምንም አልተባለም። ትርንጎ ጫማዋን አስራ ጨርሳ ጠበቀች።

"አባዬ፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው" አለችው።

"አዎ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። "አንቺስ ደህና ነሽ?"

ድምፁ የእሱ ነው። አረንጓዴው ጽሑፍ በራ። እሷ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ትንሽ ቆይታ የተረዳችው ነገር ከመልሱ ይበልጥ አስደነገጣት። ዝናቡ ነው። ኅዳር በመካነ ሰላም ጤፍ የሚታጨድበት ወር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ንፋሱ ደረቅ። ቆርቆሮ ላይ እንዲያ የሚወርድ ዝናብ በኅዳር የለም።

በምሳ ሰዓት ወደ መስመር አገልግሎት ቢሮ ሄደች። ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠው ወጣት ኪሩቤል ይባላል። ሰው አክባሪ ነው፤ ተነሥቶ ወንበር አቀረበላት። የሆነውን ስትነግረው ሳያቋርጥ ሰማት፤ ከዚያ መስመሩን መረመረና ምንም እንዳልተበላሸ ነገራት። ይልቁንም በጣም ጥሩ መስመር ነው አላት፤ ከሞላ ጎደል ምንም ሸክም የለበትም።

ሰላምታ አይጓዝም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ድሮ የሀገሪቱ መስመር ግማሹ "እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ" ሲመላለስበት ይውል እንደነበር አስረዳት። አሁን ሰላምታው ከተናጋሪው ዘንድ ይቀራል፤ ምልክቱ ብቻ ይሄዳል፤ ሰላምታው እዚያ ማዶ በተናጋሪው ድምፅ ይባላል። አዲስ ነገር ሲነገር ግን ያ እንደ ተነገረው ይተላለፋል። ስለ ሚካኤል ያለችው ለምሳሌ በራሷ ድምፅ ደርሷል።

"ደርሶት ምን አለ?" አለች።

"እሳቸው አልመለሱም። ሰው ሳይመልስ ሲቀር ባዶውን መስመሩ ይሞላዋል። ያለዚያ ሰው የተቋረጠ እየመሰለው ይደነግጣል።"

"ዝናቡስ?"

"ሙሌት ነው እሱም። የቤታቸው ድምፅ ነው፤ ከሌላ ቦታ አላመጣነውም። ክረምት ላይ የተወሰደ ይሆናል።"

ትርንጎ አባቷ ራሱ፣ በራሱ አፍ፣ መጨረሻ የተናገረው መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። ኪሩቤል እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚህ በፊት አልገጠመውም፤ ፈልጎ እስኪያገኘው ጥቂት ቆየ። ሐምሌ ላይ ነበር።

"ከሐምሌ ወዲህስ?"

"ከሐምሌ ወዲህ በእሳቸው በኩል ያለው ዝምታ ነው።"

"ዝምታውን አሰማኝ።"

"ዝምታ አይላክም፣ እህቴ" አላት። በድምፁ ውስጥ ንቀት አልነበረም። ሱቁ እሑድ ዝግ ነው እንደሚል ሰው ነበር ያላት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ፈቃድ ክፍል ሄደች። ኃላፊዋ ወይዘሮ ሰርካለም ከሷ ጋር ማጣሪያው ከተከፈተ ጀምሮ የሠሩ፣ ክፋት የሌለባቸው ሴት ናቸው። የቤተሰብ ሕመም ፈቃድ የሚሰጠው ግን ከጥሪ ማጠቃለያው ላይ ታይቶ ነው። የትርንጎን ከፈቱት። ከሐምሌ እስከ ዛሬ ጠዋት ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው።

"አባትሽ አሞኛል ካሉ ቀዩ ራሱ ይበራል" አሏት። "አንዴ ብቻ ይበሉ፤ በዚያው ሰዓት እፈርምልሻለሁ።"

"አባቴ አሞኛል ብሎ አያውቅም። ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ እንኳ ደህና ነኝ ሲል ነበር።"

"የኔም አባት እንዲሁ ነበሩ" አሉ ወይዘሮ ሰርካለም። ማጠቃለያውንም ዘጉት።

ጥሬ መስመር የሚባል ነገር እንዳለ የነገራት ኪሩቤል ነው፤ በማግስቱ ተመልሳ ስትሄድ። ጥሬ መስመር አይጨመቅም፣ አይሞላም፤ ያለው ሁሉ እንዳለ ያልፋል፤ ትንፋሽም፣ ዝምታም። የሚያገለግለው ለሐኪምና ለፍርድ ቤት ነው፤ ለቤተሰብ በዓመት አንዴ፣ ለአጭር ጊዜ ይፈቀዳል። ማመልከቻዋን ራሱ ሞላላት። አንድ ነገር ደጋግሞ አሳሰባት፦ መስመሩ የተለመደ ሰላምታ ከሰማ ተራ ወሬ ነው ብሎ ወደ ወትሮው ይመለሳል። ስለዚህ ሰላም እንዳትያቸው፤ ገና መስመሩ እንደተከፈተ በቀጥታ ወደ ጉዳይሽ ግቢ አላት።

ነገሩ ቀላል መስሏት ነበር። ቀላል እንዳልሆነ ያሳየቻት የክፍል ጓደኛዋ ሐዋ ናት። ሐዋ የባቲ ልጅ ናት፤ አፏ ስለት ነው፤ ካዘነች ደግሞ ይብሳል። የሽፋን ማጠቢያው ገንዳ ዳር ቆማ እጇን እንደ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አባት ሆነች።

"ሃሎ" አለች ሐዋ፣ ድምፅዋን አወፍራ።

"አባዬ፣ እንዴት—"

"ሞተሻል። እንደገና።"

"አባዬ፣ ደህና—"

"ሞተሻል። አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሰላም ሳትይ መሳደብ እንኳ አትችይም መሰለኝ። እንደ ፖሊስ ሁኚ። ፖሊስ 'እንደምን ከረማችሁ' ይላል?"

"የኛ ሰፈሩ ይላል" አለች ትርንጎ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ተለማመዱ። ሽፋን እየተቀባበሉ፣ ምሳ እየበሉ፣ በመተላለፊያው ውስጥ እየሄዱ። ትርንጎ አፏን በከፈተች ቁጥር ሰላምታው ይቀድማታል። ስታወጣው አስባ አይደለም፤ እንደ ትንፋሽ ነው። ወደ ማታ ላይ ግን "አባዬ፣ ምን ሆነሃል?" ብላ መጀመር ቻለች። ሐዋ ደጋግማ ፈተነቻት፤ ትርንጎ አለፈች። ሲለያዩ ሐዋ አልቀለደችም። ወላጆቿን በየጠዋቱ እንደምታወራ፣ የምትሰማው የራሳቸው ድምፅ መሆኑን ግን ጠይቃ እንደማታውቅ፣ አሁንም እንደማትጠይቅ ብቻ ነገረቻት።

ጥሬ መስመሩ ያለው ከቢሮው ጀርባ፣ ወንበር ብቻ በሚይዝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ኪሩቤል በሩን ዘጋላት። ትርንጎ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መስመሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሰማችው ንፋስ ነው፤ ያላቀቀውን ቆርቆሮ ሲያንገጫግጭ። ዶሮ ትጮኻለች። ሩቅ ቦታ ሰው እንጨት ይፈልጣል። ዝናብ የለም።

"አባዬ፣ ምን ሆነሃል?" አለች።

ትንፋሽ ሰማች። ቅርብ ነው፤ እርጥብ ነው፤ ሲገባ ይቆራረጣል፣ ሲወጣ ከከንፈር ጋር ይታገላል። ይህን ትንፋሽ ሰምታው አታውቅም፤ የእሱ መሆኑን ግን ወዲያው አወቀች። ወድቀህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። መናገር አቅቶህ ነው ወይ አለችው። ከሆነ ጉሮሮህን ጥረግልኝ፣ ወይም እጅህ ያለበትን ነገር ምታልኝ አለች። ትንፋሹ ፈጠነ። አንድ ድምፅ መጣ፤ ቃል አልሆነም፤ ከደረት ተነሥቶ አፍ ሳይደርስ የቀረ ነገር ነው። ደግሞ መጣ። ስሟን ሊጠራ ይሁን ወይም ውሃ ሊለምን መለየት አልቻለችም።

ከዚያ ዝም አለ። ንፋሱ ብቻ ቀረ። እሷም የምትለው ጠፋት። ከአባቷ ጋር በሕይወቷ ሙሉ ያወራችው በሰላምታ ነው። ፍቅሩም፣ ቁጣውም፣ የእናቷ ሞትም ያለፉት በዚያው ቃል ውስጥ ነው። ዝምታው ሲረዝም ማባበያ የሚሆን ሌላ ቃል በደረቷ ፈለገች፤ አላገኘችም።

"አይዞህ አባዬ" አለች። "ደህና ነህ? ደህና ነህ አባዬ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ" አለ አቶ አዝመራው፣ ጥርት ባለ ድምፅ። "አንቺስ ደህና ነሽ? ሙቀቱስ?" ቆርቆሮው ላይ ዝናብ መውረድ ጀመረ።

ስትወጣ ኪሩቤል ፊቷን አየና መንገድ ለቀቀላት። የጥሪው ውጤት ለፈቃድ ክፍል ደርሶ ነበር፤ አረንጓዴ ነው። ወይዘሮ ሰርካለም የሰማችውን ሁሉ እንድትነግራቸው ፈቀዱላት፤ እስክትጨርስም እጇን ይዘው ቆዩ። ስትጨርስ፣ በሰማችው ላይ መፈረም እንደማይችሉ ነገሯት። ያለ ፈቃድ የወጣ ሠራተኛ ሥራውንና አልጋውን ያጣል፤ መስመሩም በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ይህን የነገሯት ለማስፈራራት አልነበረም፤ እንድታውቀው ነው።

በማግስቱ ሄደች። ሐዋ እስከ በሩ ሸኘቻት፤ ሥራዋን እንዳታጣ ግን ከበሩ አላለፈችም። ትርንጎ በሚሌ፣ በኮምቦልቻ፣ በደሴ አድርጋ፣ ከአቀስታ በኋላ ገብስ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍራ መካነ ሰላም ደረሰች። መንገዱን ሁሉ ተሳፋሪው በየስልኩ ደህና ሲባባል ሰማች። የአንዲት ሴት ስልክ ጭኗ ላይ ሆኖ ከልጇ ጋር ያወራል፤ እሷ ራሷ ተኝታለች።

እትዬ ብርቄ በግቢው በር ላይ አገኟት። አርጅተዋል። እቅፍ አድርገው ሳሟት፣ ደግመው ሳሟት፣ እንዴት ከረምሽ፣ እንዴት ከረምሽ አሉ፤ እሷም መለሰች። ከአገሯ ከወጣች ወዲህ ከቤቷ ሰው አፍ የተቀበለችው የመጀመሪያ ሰላምታ ይህ ነው። እትዬ ብርቄ ሲለቋት እያለቀሱ ነበር።

"ምነው እንዲህ ዘገየሽ፣ ልጄ?" አሏት። "ስንት ጊዜ ደወልኩልሽ።"

ትርንጎ እሳቸው ሲደውሉ አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም። "ምን ብለውኝ ነበር?" አለች።

"ምን እልሻለሁ? እንዴት ከርመሻል፣ እኛ ደህና ነን፣ አባትሽም ደህና ነው፣ እንዲያው ጊዜ ካገኘሽ ብቅ በይ አልኩሽ። ሐምሌ ሲወድቅ በማግስቱ ደወልኩ። ከዚያም በየወሩ። ሰው አገር ላይ ብቻሽን ሆነሽ አባትሽ ሽባ ሆኗል ተብሎ በስልክ ይነገራል? ብቅ በይ ካልኩሽ ይገባታል ብዬ ነው።"

"እኔስ ምን አልኩ?"

"እሺ እትዬ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ ትያለሽ። በየወሩ እሺ፣ ለፋሲካ።"

ትርንጎ ቃሉን አወቀችው። የራሷ ነው። ካቻምናም አምናም፣ እትዬ ብርቄም አባቷም በጠየቋት ቁጥር እሱን ትላቸው ነበር፤ አንዱንም ፋሲካ ግን አልመጣችም። መስመሩ ከሷ ነው የተማረው። እትዬ ብርቄ "ብቅ በይ" ያሉት ደግሞ ከሰላምታው ጋር ተጨምቆ እዚሁ ግቢ ውስጥ ቀርቷል።

አቶ አዝመራው መስኮቱ ሥር ተኝቷል። ቀኝ ጎኑ በሙሉ በድን ነው፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ወርዷል። ገላው ንጹሕ፣ ልብሱ ንጹሕ ነው፤ እትዬ ብርቄ አልጣሉትም። ትርንጎ ገብታ ጉልበቱን ሳመች፣ ጉንጩን ሳመች። እሱ በግራ ክንዱ ተመርኩዞ ሊነሣ ሞከረ። ልማዱን ታውቃለች፤ እንግዳ ወደ ቤቱ ሲገባ እንዲያ ይነሣል። ፊቷን በአክብሮት አየው። እትዬ ብርቄ "ትርንጎ እኮ ናት! ልጅህ መጣችልህ!" ብለው ጆሮው ላይ ጮኹ። የልጁን ስም ሲሰማ ዓይኑ በራና ከትርንጎ ላይ ተነሥቶ ወደ መደርደሪያው ሄደ። እዚያ ከላምባው አጠገብ ስልኩ ተቀምጧል።

እትዬ ብርቄ ወጥተው ቡና ቤት ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ዳቦ ሊገዙላት ሄዱ። ትርንጎ አጠገቡ ተቀምጣ አወራችው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ማጣሪያው፣ ስለ ሐዋ ነገረችው። አንዳንዴ እንግዳን ላለማስቀየም ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ዓይኑ ተመልሶ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። ድምፅዋ በጨውና በቅዝቃዜ ሻክሯል፤ ይህን እስከዚያች ሰዓት አላስተዋለችውም። እትዬ ብርቄ ሲመለሱ እንዳትከፋ አጽናኗት፤ ከጠዋት በቀር ማንንም እንደማያውቅ፣ ጠዋት ግን ሰው እንደሚሆን ነገሯት። እሷ በስልክ ስታወራው ብቻ አፉን ለምግብ እንደሚከፍት፣ እስካሁን የቆየው በእሷ ድምፅ መሆኑን ነገሯት። ይህን ያሏት ሊያመሰግኗት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ትርንጎ አጥሚት አዘጋጅታ፣ ማንኪያውን ይዛ ከራስጌው ተቀመጠች። እሱ ቀድሞ ነቅቷል፤ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነው። አንድ ሰዓት ሆነ። ስልኩ ጠራ፤ ሰመራ ላይ ያለ ባዶ አልጋ ነው የደወለው።

"እንዴት አደርክ አባዬ?" አለ ድምፁ። ትርንጎ ሰመራ የገባች ሰሞን የነበራት ድምፅ ነው፤ ለስላሳና ለሳቅ የቀረበ። የአባቷ ግማሽ ፊት ፈገግ አለ። አፉም ተከፈተ። አጥሚቱን ሰጠችው፤ ዋጠ። ድምፁ ጉልበቱን ጠየቀው፤ ደግማ ሰጠችው፤ ዋጠ። ላሚቱን ጠየቀ። ላሚቱ ሐምሌ ላይ ተሸጣለች። መስመሩ የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ መሆኑን ትርንጎ ለእትዬ ብርቄ አልነገረቻቸውም። ከዚያ በኋላ ይህ አፍ በምን እንደሚከፈት አታውቅም። ዛሬውኑ፣ ሳይረፍድ፣ የሷን ድምፅ የሷ መሆኑን ልታስለምደው ቆርጣ ነው ያደረችው።

ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። "አባዬ፣ እኔ ነኝ" አለች። "መጥቻለሁ። ይኸው፣ እኔ ነኝ።"

"ለፋሲካ እመጣለሁ" አለ ድምፁ ከመደርደሪያው።

አቶ አዝመራው የሚታዘዝለትን አንድ እጁን ቀስ ብሎ አነሣ። መዳፉን በትርንጎ አፍ ላይ አኖረ። ልጁ የምትለውን ለመስማት ጸጥታ ፈልጎ ነው። እሷም ዝም አለች።